የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተቀላቀለ ጋዝ በምን ይለያያል?

ከወሎ የደረሱን ስድስት ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል፤ ጋዝን ከጋዝ መለየት። ጤፍን ከገለባው ነፋስ ይለየዋል፤ አሸዋን ከጠጠሩ ወንፊት ይለየዋል። ጋዝ ግን አንዴ ከተቀላቀለ በቡና ሰዓት እንደሚጨስ እጣን ነው፤ ቤቱን ሞልቶ ይቀራል እንጂ ወደ ማጨሻው አይመለስም። ማውጣት የሚቻለው ከጋዞቹ አንዱ ብቻ ያለውን ጠባይ ፈልገን በዚያ ስንይዘው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«ከአየር ኦክስጅንን የሚለይ፣ በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር አለን። በእጅ መለኪያ ስለካው 83 በመቶ ያሳያል፤ መመሪያው ግን 93 ይላል። ወንፊቱ ሞቷል ተብሎ ሊጣል ነው። መለኪያውን ያስተካከለልኝ ኮምቦልቻ ያለ ባልደረባዬ ነው። ምን ይሻላል?» የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ፣ ደሴ

ገና አይጣል። ከመሣሪያው በፊት መለኪያው ይጠርጠር።

በብዙዎቹ የእጅ መለኪያዎች ውስጥ ያለው ሴል መቶኛ አይቆጥርም። የሚቆጥረው የኦክስጅኑን የግፊት ድርሻ፣ ማለትም ከጠቅላላው የአየር ግፊት ኦክስጅኑ ያለውን እጅ ነው፤ መቶኛ ሆኖ የሚወጣው ሴሉ በተስተካከለበት ቦታ የአየር ግፊት ተሰልቶ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ወደ 81 ኪሎ ፓስካል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። እዚያ ታች የተስተካከለ መለኪያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ያገኘውን ሁሉ በ75/81 አሳንሶ ያነባል። የእርስዎ 83 ወደ ኋላ ሲሰላ 90 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ብዙ አምራቾች ከሚፈቅዱት 93 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3 ውስጥ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መለኪያውን መስኮት ከፍተው በንጹሕ አየር ያብሩት። 19.3 አካባቢ ካሳየ ጥፋቱ የሱ ነው፤ እዚያው ደሴ ላይ 20.9 እንዲያነብ ያስተካክሉት። የተመሰከረለት የኦክስጅን ቦምቦላ ካለ ሁለተኛውን ነጥብ በእሱ ይፈትኑ። በድምፅ ሞገድ የሚለካው ዓይነት በከፍታ እንዲህ አይሳሳትም። ከዚያ ኮንሰንትሬተሩን 10 ደቂቃ ያሠሩት፤ የማርጠቢያውን ጠርሙስ አውልቀው በቀጥታ ከመውጫው ይለኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዝቅ ካለ ወደ መሣሪያው እንግባ። ኮምፕረሰሩ አየሩን ዜዮላይት የሚባል ቀዳዳ የበዛበት ማዕድን በሞላባቸው ሁለት ቱቦዎች በየተራ ያስገባል። ግፊት ባለበት ቱቦ ዜዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቫልቩ ይገለብጣል፤ ያኛው ተራውን ሲይዝ ይኸኛው ግፊቱ ይለቀቅለትና የያዘውን ናይትሮጅን ወደ ውጭ ይተፋል። በየጥቂት ሰከንዱ የሚሰማው ትንፋሽ እሱ ነው። «ሞለኪዩል ወንፊት» የሚለው ስም ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀዳዳው ለናይትሮጅን ጠብቦት አይደለም፤ ሁለቱም ሰተት ብለው ይገባሉ። በዜዮላይቱ ውስጥ ያሉት የሶዲየም ወይም የሊቲየም አዮኖች ከኦክስጅን ይልቅ ናይትሮጅንን በኤሌክትሪክ ስበት አጥብቀው ስለሚይዙ ነው የሚለያዩት። በአየር ውስጥ አንድ በመቶ ገደማ የሆነው ጋዝ አርጎን ግን እንደ ናይትሮጅን አይያዝም፣ ከኦክስጅኑ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ምንም ቢሻሻል መሣሪያው ከ95.7 በመቶ አያልፍም፤ 99 የሚያሳይ መለኪያ ካለዎት እሱንም ይጠርጥሩ።

ውሃ ደግሞ ከናይትሮጅን እጅግ በበለጠ ይያዛል፣ ከተያዘም በቀላሉ አይለቅም። የዜዮላይት ገዳዩ እርጥበት ነው። መሣሪያው ወራት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥ እርጥበት እየጠጣ ያድራል፤ በየወሩ ጥቂት ሰዓት ማሠራት ይረዳል። የጠገበውን ዜዮላይት ምድጃ ላይ አድርቀን እንመልሰው የሚሉ አሉ። ለማድረቅ 300 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና የሚያልፍበት ደረቅ ጋዝ ይፈልጋል፤ ሲቀዘቅዝም የክፍሉን እርጥበት መልሶ ይጠጣል። በኛ ግምት ትርፉ ድካም ነው፤ ሙሉ ቱቦው ቢቀየር ይሻላል።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምር። የጀርባው የስፖንጅ ማጣሪያ በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ ጥንቅቅ ብሎ ይድረቅ፤ እርጥቡን መመለስ ውሃውን ወደ ዜዮላይቱ መላክ ነው። የውስጠኛው ማጣሪያ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ከዚያ ፍሰቱን ከ5 ወደ 2 ሊትር ዝቅ አድርገው ይለኩ። መቶኛው ከፍ ካለ ወይ ኮምፕረሰሩ ደክሟል ወይ ዜዮላይቱ አርጅቷል። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩን ወይም መገጣጠሚያዎቹን ይዩ፤ የሳሙና አረፋ ሲቀቡት የሚነፋበት ቦታ ያፈሳል። ትንፋሹ ሁለት ዓይነት ድምፅ ካለው፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ደካማ፣ ከሁለቱ ቱቦ አንዱ በደንብ እየተነፈሰ አይደለም። መተንፈሻው ላይ ነጭ ዱቄት ካገኙ ጨርሶታል፤ ዜዮላይቱ ተፈጭቶ እየወጣ ነው።

ስለ ደሴ አንድ ነገር እንጨምር። ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር እዚህ በባሕር ወለል ላይ ከሚስበው ሦስት አራተኛው ነው። ስለዚህ በ5 ሊትር ሙሉ አቅሙ ሲሠራ መጀመሪያ የሚወርደው ንጽሕናው ነው፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ ያንብቡ። ንጽሕናው 93 ቢሆን እንኳ በ75 ኪሎ ፓስካል የሚያገኘው ታካሚ የኦክስጅን ግፊት ድርሻው 70 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል 94 ይሆን ነበር። ለታካሚው የሚሰጠውን ሊትር የደሙን ኦክስጅን የሚለካው የጣት መለኪያ ይወስነው እንጂ ከቆላ የመጣ ልማድ አይወስነው።

«በኅዳር ብርድ ከሰል አቀጣጥለን በር ዘግተን እንተኛለን። ጋዙን ይስበዋል ስለሚባል አጠገቡ ውሃ በሳህን እናስቀምጣለን፣ ሎሚም እንከትፍበታለን። እውነት ይስባል?» የቤት እመቤት፣ ደሴ

አይስብም። የከሰሉ ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ውሃ ከሞላ ጎደል አይወደውም። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ክፍል አደገኛ መጠን ሲደርስባት ከ20 ሊትር በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ልትይዝ ትችላለች፤ አንድ ሊትር ውሃ ከዚያ ውስጥ የሚያነሣው ከሚሊዮን አንዱን ያህል ነው። ሎሚው ሽታ ከመስጠት በቀር ምንም አይጨምርም። ክብደቱ ከአየር ጋር እኩል ሊባል ስለሚችል አልጋ ላይ መተኛትም ወለል ላይ መተኛትም አያድንም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጠራ» የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ጭሱ ቢያልቅም ይህ ጋዝ አላለቀም፤ ሽታና መልክም ስለሌለው አይታወቅም። ደም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ በደሴ ከፍታ የኦክስጅኑ ግፊት ቀድሞውኑ ስለሳሳ ጉዳቱ ይፈጥናል። ከመኝታ በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። በአመድ መዳፈን ማጥፋት አይደለም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረውን ሰው ወዲያው ወደ ደጅ አውጥቶ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

«ባዮጋዛችን ደህና ይነዳል፤ ግን የገማ እንቁላል ይሸታል፣ የምድጃውም አፍ በሁለት ዓመት ተበልቶ አለቀ። ልጄ በኖራ ውሃ ብታሳልፊው እሳቱ ይበረታል ይለኛል።» አርሶ አደር፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ

ሁለት የተለያዩ ጋዞች ናቸውና ሁለት መልስ አላቸው። ባዮጋዝ ከግማሽ በላዩ ሚቴን ነው፤ እሱ ነው የሚነደው። ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሽታውን የሚሰጠውና ብረቱን የሚበላው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከአንድ በመቶም በታች ነው። ይህን ማውጣት ያዋጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ለማብሰያ ብለው አይድከሙበት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በቀን 2,000 ሊትር ጋዝ ቢጠቀሙ 800 ሊትሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ኖራ 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ አንድ ሊትር የኖራ ውሃ የሚይዘው 0.7 ሊትር ጋዝ ያህል ነው። በየቀኑ ከ1,100 ሊትር በላይ የኖራ ውሃ ሊያዘጋጁ ነው ማለት ነው! ወፍራም የኖራ ብጥብጥ ቢያደርጉትም በቀን 2 ኪሎ ኖራ ይበላል። ልጅዎ ኬሚስትሪውን አልተሳሳተም፤ ወጪውን ነው ያልቆጠረው።

የሚሸተውን ጋዝ ግን ዝገት ይይዘዋል። በቀን 2,000 ሊትር ጋዝ ውስጥ ከሺህ ሁለት እጅ ቢኖር 4 ሊትር፣ ማለትም 4.5 ግራም ገደማ ነው፤ በወር 135 ግራም። አንድ ኪሎ የብረት ኦክሳይድ በስሌት 640 ግራም መያዝ ቢችልም ጋዙ የሚያገኘው የዝገቱን ላይ ላዩን ነው። ስለዚህ ለወር ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ዝገት ያስፈልጋል ብለው ይቁጠሩ።

አሠራሩ ይኸውልዎ። ከቶርኖ ቤት የብረት ፍቅፋቂ 3 ወይም 4 ኪሎ ያምጡ፤ ቀጭኑ ይሻላል። የማይዝግ ብረት ከሆነ ወይም ዚንክ የተቀባ ከሆነ አይሠራም። ዘይት አለበትና በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ ይጠቡት፤ ይህን የዘለለ ሰው ሳምንት ሙሉ ቢጠብቅም ብረቱ አይዝግለትም። ጨው ያለበት ውሃ እየረጩ በሸራ ላይ ዘርግተው ቀይ ቡናማ እስኪሆን በየቀኑ ያገላብጡት፣ በመጨረሻ ጨውን በንጹሕ ውሃ ያውጡለት። ከዚያ ከእኩል መጠን ሰጋቱራ ጋር ይቀላቅሉት፤ ሰጋቱራው እርጥበት ይይዝለታል፣ ጋዙም መንገድ ያገኛል። 11 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ታች ጠጠርና ወንፊት ሽቦ፣ ከዚያ በላይ ድብልቁ ሳይጠቀጠቅ ላላ ብሎ። ጋዙ በታች ይግባ፣ በላይ ይውጣ። ከታች ውሃ የሚፈስበት ቡሽ ይኑረው፤ አለዚያ ከጋዙ የሚወርደው ጤዛ ተጠራቅሞ መንገዱን ይዘጋና እሳቱ መንተክተክ ይጀምራል። ከላይኛው ጫፍ አጠገብ በጠራ ፕላስቲክ የተሠራ አጭር ቁራጭ ቢያስገቡ ከምንም የበለጠ ይጠቅማል። ዝገቱ እየሠራ ከታች ወደ ላይ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጊዜው አልቋል። በአፍንጫ አይተማመኑ፤ ይህ ጋዝ ሲበዛ ራሱ አፍንጫን ያደነዝዛል።

ዜዮላይቱን የገደለው እርጥበት እዚህ አስፈላጊ ነው። የደረቀ ዝገት አይሠራም፣ በውሃ የተዘፈቀም አይሠራም፤ በእጅ ሲጨመቅ የሚያረጥብ ግን የማይንጠባጠብ ይሁን።

የጋዙን ቫልቭ ዘግተው የጠቆረውን ድብልቅ ደጅ ላይ ያውጡት፤ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ይቀላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜም ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ድኝ ስለሚሸፍነው ይጣላል። አደጋው እዚህ ጋ ነው፦ ጥቁሩ ድብልቅ አየር ሲነካው ይግላል፣ ተከምሮ ከተተወ ራሱን ያቃጥላል። በስሱ ይዘርጉት፣ ውሃ ይርጩበት፣ ጭድና ኩበት አጠገብ አያድርጉት። ቱቦውን መልሰው ሲገጥሙ ውስጡ አየር አለ፤ ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጋዝ ክብሪት ሳይጭሩ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ይልቀቁት።

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ተቀላቅለው ቢሰጡኝ በፈሳሾች በየትኛው ቅደም ተከተል ልለያቸው?» የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ

መጀመሪያ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይወስዳል። ቀጥሎ አልካላይን ፓይሮጋሎል ለኦክስጅኑ። በመጨረሻ አሞኒያ ያለበት ኩፕረስ ክሎራይድ ለካርቦን ሞኖክሳይዱ። የሚቀረው ናይትሮጅን ነው። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽው ይበላሽብሻል፤ ፓይሮጋሎሉ አልካሊ ስላለበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ይወስደዋል፣ ኩፕረስ ክሎራይዱም ኦክስጅን ይጠጣል። ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይኸው ምክንያቱ ነው።

«አየር ድብልቅ መሆኑን ለተማሪዎቼ በሻማና በብርጭቆ ሳሳይ ውሃው አንድ አምስተኛ ይወጣል፤ አንዳንዴ ግን ያንሳል፣ አንዳንዴ ይበልጣል። ስህተቴ የት ነው?» የኬሚስትሪ መምህር፣ ወልድያ

ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፤ የሻማው ነው። ሻማ ኦክስጅኑን አይጨርስም። ድርሻው ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ይጠፋል። ውሃውን የሚያስወጣው ዋናው ነገር ብርጭቆው ሲደፋ በነበልባሉ የሞቀው አየር አረፋ ሆኖ ማምለጡና የቀረው ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ነው። አንድ አምስተኛ ላይ መድረሱ አጋጣሚ ነው። ሁለት ሻማ ቢያቃጥሉ ውሃው ይበልጥ ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ግን አልጨመረም። ይህንኑ ለተማሪዎችዎ ያሳዩአቸው፣ ጥሩ ትምህርት ነው።

መለኪያ ከፈለጉ ሥራውን ለዝገት ይስጡት። 2 ግራም ያህል ዕቃ መፈተጊያ የብረት ሽቦ፣ የሚዝገውን ዓይነት፣ አንድ ደቂቃ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ያራግፉ። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሜዠሪንግ ሲሊንደር ታች ወሽቀው ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይድፉት። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። ሲያነቡ ሲሊንደሩን ከፍ ዝቅ አድርገው የውስጡንና የውጭውን የውሃ ልክ እኩል ያድርጉ፤ ካላደረጉ በውስጥ ያለው ጋዝ ግፊቱ ስለተለየ መጠኑ ያታልላል። 79 አካባቢ ያገኛሉ። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲለወጥ መጠኑ በ0.34 በመቶ ይለወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ከጀመሩ ጠዋት ያንብቡ። የላሊበላ ልጅ «እኛ ጋ ኦክስጅን አያንስም?» ብሎ ቢጠይቅዎ ሙከራው እዚያም 79 ነው የሚሰጠው። ከፍታ ላይ የሚሳሳው የአየሩ ግፊት እንጂ የኦክስጅኑ መቶኛ አይደለም።

የቀረውን 79 ግን «ናይትሮጅን ነው» ብለው አይለፉት። በ1894 ብሪታኒያውያኑ ሳይንቲስቶች ሬይሊና ራምዚ አርጎንን ያገኙት ከዚህ ቀሪ ነው። ከአየር የተገኘው «ናይትሮጅን» በሊትር 1.257 ግራም ሲመዝን ከኬሚካል የተሠራው 1.251 ነበር፤ ያችን የግማሽ በመቶ ልዩነት አልናቁአትም።

«የአርጎን ቦምቦላ ከኦክስጅን ይወደድብኛል፤ ሁለቱም ከአየር ከሆኑ ለምን? ያገለገለ የሕክምና ኮንሰንትሬተር ገዝቼ የኦክስጅን ቦምቦላዬን ራሴ ብሞላውስ?» የብየዳ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ከአየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ አርጎን 0.93 ብቻ። ትልቁ ምክንያት ግን የመፍሊያ ነጥባቸው መቀራረብ ነው። በፋብሪካ አየሩ 6 ባር አካባቢ ይታመቃል፤ ውሃውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ በዜዮላይት ይወጣል፣ አለዚያ በረዶ ሆነው ቱቦውን ይደፍኑታል። ከዚያ ፈሳሽ እስኪሆን ይቀዘቅዝና በረጅም ማማ ውስጥ እየተነነ፣ መልሶም ፈሳሽ እየሆነ ይለያያል። ናይትሮጅን በ−196 ዲግሪ ይፈላል፣ ኦክስጅን በ−183፤ በመካከላቸው 13 ዲግሪ አለ። አርጎን በ−186 ስለሆነ ከኦክስጅን የሚለየው 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማማው ወገብ ተቀንሶ ሌላ የራሱ ማማ ይሠራለታል፤ ዋጋው ከዚያ ይመጣል።

ቦምቦላውን ራስዎ እንዳይሞሉ። ኮንሰንትሬተር የሚያወጣው ከ1 ባር በታች ግፊት ነው፤ ቦምቦላዎ ወደ 150 ባር ይፈልጋል። በመካከል የሚያስገቡት ተራ ኮምፕረሰር ዘይት አለው፤ ዘይት በታመቀ ኦክስጅን ውስጥ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል፣ ቫልቩንም ብረቱንም ያነድደዋል። ያ ሁሉ ቀርቶ ቢሞላልዎት እንኳ ለመቁረጥ አይሆንም። ለመቁረጫ የሚሸጠው ኦክስጅን 99.5 በመቶ ነው፤ ንጽሕናው በአንድ በመቶ ሲወርድ የመቁረጡ ፍጥነት በሩብ ያህል ይቀንሳል። በ93 በመቶ ላሜራው ይቀልጣል እንጂ አይቆረጥም፤ ከሥሩም የማይነቀል ዝቃጭ ይንጠለጠልበታል።